«ምን አናዶት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ባሻገር፦ በጉልምስና የሚመጣ የደም ግፊት ሥሩ የት ነው?

ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢትም ሆነ ዓለም ከተማ፣ አንድ ጎልማሳ «ግፊት ተነሣበት» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን አናዶት ነው?» የሚል ነው። ንዴት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ እውነት ነው። ሰውየው ሲረጋጋ ግን ግፊቱም አብሮት ይወርዳል። የላይኛው ቁጥሩ በመስከረም 160፣ በጥር 165፣ በሚያዝያ 170 ሆኖ የተገኘን ግፊት ንዴት ብቻውን አያመጣውም። «ብስጭት ነው» የሚለው መልስ ትልቁ ጉዳቱ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ መዝጋቱ ነው። ሽንቱ ታየ? ለወገቡ ምን ይውጣል? ሌሊት ያንኮራፋል? በደሙ ያለው ፖታስየም የሚባለው ማዕድን ስንት ነው? እነዚህ ሳይጠየቁ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ደግሞ ኩላሊት፣ ልብና ዓይን ዋጋ ይከፍላሉ።

በአብዛኞቹ የግፊት ሕሙማን ላይ ብቻውን ተጠያቂ የሚሆን አንድ በሽታ አይገኝም። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ውርስ፣ ጨው፣ ክብደት፣ መጠጥና የእንቅስቃሴ ማነስ ተደራርበው ያመጡታል። በቀሩት ግን ከግፊቱ ጀርባ ስም ያለው ምክንያት አለ። የኩላሊት ሕመም፣ በኩላሊት አናት ላይ እንደ ቆብ የተቀመጠችው የአድሬናል እጢ ሆርሞን ማብዛት፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ሥር መጥበብ፣ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ወይም ለሌላ ሕመም የሚዋጥ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሲታወቅ ሕክምናው ይለወጣል፤ አንዳንዴም ግፊቱ ጨርሶ ይለቃል።

ይህ ሲባል ሁሉም ሰው ሁሉንም ምርመራ ያድርግ ማለት አይደለም። ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ሊታይለት የሚገባው ሽንት፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ፖታስየም፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ነው። ጠለቅ ያለ ፍለጋ የሚያስፈልገው ዕድሜው 40 ሳይሞላ ግፊቱ ለጀመረው፣ ለዓመታት ተስተካክሎ ቆይቶ በድንገት አልወርድ ላለው፣ ሽንት የሚያበዛውን ጨምሮ ሦስት ዓይነት መድኃኒት በሙሉ መጠን እየወሰደ ከ140/90 በላይ ለሆነው፣ ፖታስየሙ ዝቅ ላለውና ገና ሲገኝ ከ180/120 በላይ ለነበረው ነው። ለእነዚህም ቢሆን ፍለጋው በቅደም ተከተል ነው የሚሄደው፤ ርካሹ ይቀድማል፣ ውዱ ይከተላል።

መጀመሪያ ቁጥሩ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ

ኅዳር ላይ ከመንዝ በሌሊት ተነሥቶ፣ በውርጭ ተሳፍሮ፣ መናኸሪያ ወርዶ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቶ፣ በእግሩ ወደ ሆስፒታል የገባን ሰው እናስብ። መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። የሹራቡ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዱን አንቆ ይይዘዋል፤ ወይም ጭራሽ ሳይወልቅ መለኪያው በላዩ ላይ ይጠመጠማል። እጁ ወደ ጭኑ ተንጠልጥሏል። ነርሷ እየለካች «ከየት ነው የመጡት አባቴ?» ትለዋለች፣ እሱም ይመልሳል። 168/98 ይጻፋል።

በዚህ ቁጥር ውስጥ የሰውየው ግፊት ስንቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ማውራት ብቻውን የላይኛውን ቁጥር ወደ 10 ሊጨምር ይችላል። ክንድ ከልብ ትይዩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 8 ገደማ ይጨምራል። የተወጠረ ፊኛ፣ የተቆላለፈ እግር፣ ያልተደገፈ ጀርባ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያክላሉ። ብርድ የቆዳን ደም ሥር ያጠብባል። ስለዚህ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን በኅዳር ጠዋት የተለካውን፣ ከእሷ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ከተለካው ጋር አስተያይቶ «ግፊቱ ባሰበት» ማለት ስሕተት ነው።

ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ከባድ እንቅስቃሴ አይኖርም። ሽንት ይሸናል። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ሳይነጋገሩ 5 ደቂቃ ይቀመጣሉ። ክንድ ተራቁቶ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ያርፋል። ሁለት ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ይለካና አማካዩ ይያዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ሁለቱም ክንድ መለካት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለው ክንድ ነው የሚለካው። በሁለቱ መካከል ከ15 ወይም ከ20 በላይ ልዩነት በተደጋጋሚ ከታየ የደም ሥር መጥበብን ያመለክታልና ለሐኪም መነገር አለበት። በዚያው ላይ የብሽሽትን የደም ሥር ትርታ በጣት መዳሰስ ምንም ወጪ የለውም። ትርታው ደካማ ከሆነ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቧንቧ ከትውልድ ጀምሮ ጠቦ ሊሆን ይችላል።

የሚዘነጋው ነገር ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ስፋት ነው። ከፋርማሲ የሚገዙት አብዛኞቹ የቤት መለኪያዎች ጨርቅ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ላለው ክንድ የተሠራ ነው፤ መጠኑ ራሱ ጨርቁ ላይ ተጽፏል። በልብስ ሰፊ ሜትር የክንድዎን መሐል ይለኩ። 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክንድ ላይ ጠባቡ ጨርቅ ሲጠመጠም ግፊቱን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል፤ በዚህ ሰበብ የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት የሚውጡ ሰዎች አሉ።

የቤት መለኪያ ያለው ሰው ለ7 ቀን ጠዋት መድኃኒት ከመዋጡ በፊትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለቴ ለክቶ ይጻፍ። የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፣ የቀረው ይደመርና አማካዩ ይወጣል። ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ እውነተኛ ነው።

መድኃኒቱ በእርግጥ ይዋጣል?

ግፊት ሕመም አይሰማም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነዚህም 44 በመቶው ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም። ያወቀውም ቢሆን «ራሴን ሲያመኝ እውጣለሁ» ይላል። ራስ ምታት የግፊት መለኪያ አይደለም። 180 ሆኖ ምንም የማይሰማው ሰው ሞልቷል።

«ሦስት መድኃኒት አልበገር አለው» ከተባሉት ውስጥ ቀላል የማይባለው ቁጥር መድኃኒቱን እያቋረጠ የሚወስድ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው «ያለ ምግብ አይዋጥም» ብሎ የጠዋቱን ኪኒን ይዘላል፤ 55 ቀን ማለት ነው። አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት የግድ ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት የሚል የለም፣ ያለ ምግብም ይዋጣል፤ በቀን አንዴ ስለሆነ ወደ ማታ ማዛወርም ይቻላል። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል፤ እሱን በዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ መውሰድ ይሻላል። ለጻድቃኔ ማርያም ወይም ለሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሱባዔ የሚገባ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይግባ፤ ጸሎቱንና ኪኒኑን የሚያጣላ ነገር የለም። በተለይ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ክሎኒዲን የሚወስድ ሰው በአንድ ቀን ካቆመ ግፊቱና የልብ ምቱ ከበፊቱ በላይ ሊወነጨፍ ይችላል። መንገድ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ በሚፈራበት ወቅት ደግሞ የአንድ ወር መድኃኒት በእጅ መያዝ ከሁሉም ይቀድማል።

ምን እየተዋጠ ነው? ምን እየተጠጣ ነው?

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «የለም» ይላል። «ለወገብዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ለራስ ምታት ምን ይውጣሉ?» ሲባል ግን ዳይክሎፌናክ ከኪሱ ይወጣል። ሰው ማስታገሻን መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውምና አጠያየቁ ራሱ መለወጥ አለበት። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒትና የሽንት መድኃኒቱን ጉልበትም ያዳክማሉ። ሦስቱ አንድ ላይ፣ ማለትም ኢናላፕሪል፣ የሽንት መድኃኒትና ዳይክሎፌናክ፣ በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲጨመርበት ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያውኩ ይችላሉ። በአጨዳና በውቂያ ወራት ወገቡን ያመመው ገበሬ መርፌውንም ሆነ ኪኒኑን በየሳምንቱ የሚጠቀም ከሆነ፣ ሌላ ምርመራ ከመታዘዙ በፊት ማስታገሻው ለሁለት ሳምንት ቆሞ ግፊቱ እንደገና ይለካ።

ሆርሞን መሰል የሆኑት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የተባሉ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ለአስም፣ ለቆዳ፣ ለመገጣጠሚያ፣ አንዳንዴም «ለመወፈር» ይወሰዳሉ። ፊት ከከበደ፣ ሆድ ከተነፋ፣ እግርና ክንድ ከከሱ፣ ቆዳ በቀላሉ ከበለዘ ይህ ጥያቄ ግድ ይላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰዳቸው ሰው ግን በራሱ ፈቃድ በአንዴ አያቁም፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት አቁሞ ይሆናልና አደገኛ ነው። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንና አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒትም ግፊት ይጨምራሉ። ጫት ለሰዓታት ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ አድርጎ ያቆያል። ዳግም አረቄ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ያልፋል፤ በየማታው ሦስት አራት መለኪያ የሚጠጣ ሰው ለግፊቱ ሌላ ምክንያት ከመፈለጉ በፊት ለአንድ ወር አቁሞ ይለካ። በየቀኑ አብዝቶ የኖረ ከሆነ ግን መንቀጥቀጥና መደናገር ሊመጣ ስለሚችል በባለሙያ እገዛ ቀስ እያለ ይቀንስ።

ጨው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። «እኛ ቤት ጨው አንበላም» የሚል ቤተሰብ ራሱን የሚፈትሽበት ቀላል ዘዴ አለ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በነፍስ ወከፍ 5 ግራም ቢበላ በቀን 25 ግራም ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን ይቆያል ማለት ነው። ፓኬቱ ላይ የተከፈተበትን ቀን ይጻፉ። በ20 ቀን ካለቀ ድርሻው 10 ግራም ነው። ለከብት የሚሰጠው ለብቻው ይቀመጥ፤ አለዚያ ስሌቱ ይበላሻል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የገባው ጨውም መቆጠር አለበት። ወጥ የምትሠራው ሴት ድስቱ ላይ ጥቂት ብቻ ጣል አድርጋ «አልጨመርኩም» ብትል ትክክል ናት፤ ጨው ግን አስቀድሞ ከበርበሬው ጋር ገብቷል። በገጠሩ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሦስት ስኒ ስለሚጠጣ ድምሩ ቀላል አይደለም። ከሁሉ በፊት ሊቀር የሚችለው ይኸው የቡናው ጨው ነው፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል።

ኩላሊት፦ ምክንያትም ተጎጂም

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ግፊቱ ካልወረደ ቀጣዩ ኩላሊት ነው። የሽንት ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ ይሠራል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ፕሮቲን ወይም ደም ከተገኘ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ትኩሳት፣ ከባድ ሥራ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የወር አበባ ያሳስታሉና። ክሬያቲኒን ብቻውን አይበቃም። ጡንቻው የከሳ ሰው ኩላሊቱ ግማሽ ጉልበቱን አጥቶ እንኳ ክሬያቲኒኑ «ኖርማል» ሊባል ይችላል፤ ቁጥሩ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ተሰልቶ የማጣራት ዐቅሙ መታወቅ አለበት።

ግፊቱ ኩላሊትን ጎዳ ወይስ ኩላሊት ግፊቱን አመጣ? ፍንጮች አሉ። ሽንት ውስጥ ብዙ ፕሮቲን መገኘቱ፣ በተለይ ደም ሲጨመርበት፣ እንዲሁም ጠዋት ጠዋት የዓይን ዙሪያ ማበጥና ቀድሞ የነበረ የስኳር ሕመም ኩላሊት እንደቀደመ ይጠቁማሉ። ሽንቱ ለዓመታት ንጹሕ ሆኖ የልብ ጡንቻ መወፈርና የዓይን ደም ሥር መለወጥ ከታየ ደግሞ ግፊቱ የቀደመ ይመስላል። በአልትራሳውንድ አንዱ ኩላሊት ከሌላው ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ካነሰ ወደ እሱ የሚሄደው ደም ሥር ጠቦ ይሆናል። ኢናላፕሪል የተጀመረለት ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ክሬያቲኒንና ፖታስየም መታየት ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ክሬያቲኒኑ ከ30 በመቶ በላይ ከዘለለ ይህንኑ ያመለክታል። ይህ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል አልነበረበትም።

በብዛት የምትታለፈው ትንሽ እጢ

አሜሪካዊው ሐኪም ጀሮም ኮን እ.ኤ.አ. በ1955 ያስተዋወቀው በሽታ ዛሬም በብዙ ቦታ ሳይፈለግ ይቀራል። አድሬናል እጢ አልዶስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ያለ ልክ ታመነጫለች። አልዶስትሮን ኩላሊትን ጨው እንዲይዝና ፖታስየም እንዲጥል ያዘዋል። ግፊት ካለባቸው ሰዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ግፊታቸው ለሦስት መድኃኒት ካልተበገረው ደግሞ 20 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግፊታቸው ለተረጋገጠ አዋቂዎች ሁሉ ይህ ምርመራ ቢታሰብ ይበጃል እስከማለት ደርሷል።

የሚያሳስተው ፖታስየም ነው። «ፖታስየሙ ደኅና ስለሆነ የለበትም» ይባላል፤ አብዛኞቹ የዚህ በሽታ ሕሙማን ግን ፖታስየማቸው ደኅና ነው። ደም ሲቀዳ ጡጫን ደጋግሞ መጨበጥና መዘርጋት ወይም ናሙናውን ለሰዓታት ማቆየት ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል፤ ዝቅ ያለው ፖታስየም እንዲህ ተሸፍኖ ያልፋል። በሌላ በኩል ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ከመድኃኒቱ የተነሣ ፖታስየሙ ሊወርድ ይችላል።

ምርመራው አልዶስትሮንንና እሱን የሚቀሰቅሰውን፣ ከኩላሊት የሚወጣውን ሬኒን በአንድ ናሙና ለክቶ ማነጻጸር ነው። ደሙ የሚቀዳው ጠዋት፣ ከአልጋ ተነሥተው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከቆዩ በኋላ፣ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ነው። ዝቅ ያለ ፖታስየም አስቀድሞ ይስተካከላል። የአልዶስትሮንን ሥራ የሚያግደው ስፓይሮኖላክቶን የተባለ መድኃኒት ለአራት ሳምንት መቆም አለበት፤ አቴኖሎል ውጤቱን ወደ «አለ»፣ ኢናላፕሪል ወደ «የለም» ሊያዘነብለው ይችላል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚባል ሰው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ውጤቱ የማይነበብ እንዳይሆንበት፣ የቱን መድኃኒት መቼ እንደሚያቆምና በምን እንደሚተካው ከመሄዱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ምርመራውን ማግኘት ለማይችልስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ለሦስት መድኃኒት ላልተበገረ ግፊት በአራተኛነት የሚጨመረው ስፓይሮኖላክቶን ከተወዳደሩት ሌሎች መድኃኒቶች እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ነው የሚሰጠው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ፖታስየምን እስከ አደጋ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በአንደኛውና በአራተኛው ሳምንት ፖታስየምና ክሬያቲኒን ይታያሉ፤ በወንዶች ላይ የጡት ማበጥና ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ችግሩ በአንዲቷ እጢ ብቻ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ትወጣለች፤ ከአሥር ሰው ሦስቱ ወይም አራቱ የግፊት መድኃኒትን ጨርሰው ይተዋሉ፣ ከቀሩት የሚበዙት መድኃኒታቸው ይቀንሳል። ግፊቱ ብዙ ዓመት በቆየ ቁጥር ይህ ዕድል ይጠባል፤ ደም ሥሮቹ ደርቀዋልና።

ሌሎቹ በአጭሩ ይታለፋሉ። በድንገት እየተነሣ የሚሄድ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት አንድ ላይ ከመጡ ያችው እጢ አድሬናሊን የምታመነጭበት ብርቅ እብጠት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከተጠረጠረ አቴኖሎልን ወይም ፕሮፕራኖሎልን ቀድሞ መጀመር አደገኛ ነው። የታይሮይድ መድከም በተለይ የታችኛውን፣ መፍጠን ደግሞ የላይኛውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ እንቅርት መኖሩ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም፣ የሆርሞን ምርመራ ነው የሚለየው። በእንቅልፍ የትንፋሽ መቆራረጥ ያለበት ሰው ያንኮራፋል፣ በመሐል ጸጥ ይልና በድንገት አየር ስቦ ይነቃል፣ ጠዋት አፉ ደርቆ ራሱን ከብዶት ይነሣል፣ ቀን በተቀመጠበት ያንቀላፋል። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና ማታ አረቄ አለመጠጣት መሣሪያ እስኪገኝ የሚረዱ ናቸው።

ፍለጋው በሚካሄድበት ጊዜ ሕክምናው አይቆምም። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ የዓይን መጋረድ ወይም መደናገር ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ምልክት ከሌለ ግን በአንዴ ለማውረድ መሞከር አይገባም፤ ኒፌዲፒንን ከምላስ ሥር ማፍሰስ ግፊቱን በድንገት ጥሎ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል የተተወ አሠራር ነው።

ለቀጠሮው በአንድ ፌስታል ቤት ውስጥ ያለው ኪኒን ሁሉ ይግባ፤ ማስታገሻው፣ ቅባቱ፣ ከጎረቤት የተሰጠውም ጭምር። የሰባቱ ቀን ልኬት የተጻፈበት ደብተርና የቀድሞ የላቦራቶሪ ወረቀቶችም ይምጡ። የእናት፣ የአባትና የወንድም የእህት ግፊት በስንት ዓመታቸው እንደጀመረ፣ ዕድሜው 50 ሳይሞላ ስትሮክ የመታው ዘመድ እንዳለ ቤት ተጠይቆ ይመጣ። ባለትዳር ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ቢቀርብ ይሻላል፤ ሌሊት ትንፋሹ ተቋርጦ እንደሆነ የምትመሰክረው እሷ ናት።